ድር ቢያብር ማንን ያስር?

ስለ ኢንተርኔት ንግድ የሚጽፉ ሰዎች የሚወዷት አንዲት አባባል አለች። “ተፎካካሪው ያለው አንድ ክሊክ ማዶ ነው” ትላለች። ጉግልም ገበያውን ጠቅልለህ ያዝክ በተባለ ቁጥር ሲመዛት ኖሯል። ደንበኛው ካልተመቸው በሰከንድ ወደ ሌላው ስለሚሄድ የትኛውም የኢንተርኔት ኩባንያ ብልጫውን ይዞ አይዘልቅም ለማለት ነው። እኔ ይቺን አባባል ግማሿን ብቻ ነው የምቀበላት።

እስቲ ከምቀበለው ግማሽ ልጀምር። ያሁን ታስታውሱታላችሁ፤ በእኛም አገር ስንቱ ሰው የመጀመሪያ ኢሜይሉን የከፈተው ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ በያሁ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2008 በ44.6 ቢሊዮን ዶላር ልግዛህ ቢለው ዋጋዬን አሳነስከው ብሎ እምቢ አለ። በ2017 ግን፣ የአሊባባ ድርሻው ለብቻ ቀርቶ፣ ዋናው የኢንተርኔት ሥራው ለቬራይዘን የተሸጠው በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው። ማይስፔስም በ2005 በ580 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ በ2011 የተሸጠው በ35 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

እንግዲህ ተሸናፊዎቹን ብቻ የቆጠረ ሰው “አየህ፣ አይዘልቅም!” ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ከዚህ የማየው ብልሃት ብቻውን እንደማይዘልቅ ነው። ብልሃት ይቀዳል። የማይቀዳው ሰው ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ኩባንያው 55 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ፌስቡክ መልእክት መላኪያ መሥራት አቅቶት ነው? ራሱም ነበረው እኮ! የገዛው ከ450 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎችን ነው። ዕድርን አስቡት። የተሻለ ድንኳንና አዲስ ወንበር ያለው ዕድር ከመንገዱ ማዶ ቢቋቋም፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ያሉበትን ጥዬ ብቻዬን አልሻገርም። ሁላችንም በአንድ ቀን ካልተነሳን በቀር ማንም አይነሳም።

“ማይስፔስስ ሰው አልነበረውም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ነበረው። አሸናፊዎቹ የተማሩትም ከዚያው ይመስለኛል፤ ሰው አለኝ ብለህ አትተኛ፣ የሚመጣብህን ግዛ፣ በሩንም ያዝ። ፌስቡክ ከዋትስአፕ በፊት፣ በ2012፣ ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ ነበር። ጉግል ደግሞ ስልክና ብሮውዘር ሲከፈት ቀድሞ የሚገኘው መፈለጊያ እሱ እንዲሆን በ2021 ብቻ ለአፕልና ለሌሎች 26.3 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለ አሜሪካ ፍርድ ቤት ውስጥ ተገልጿል። ተፎካካሪው አንድ ክሊክ ማዶ ከሆነ፣ ያቺ ክሊክ እንዳትነካ ይኼ ሁሉ ገንዘብ ምን ሊሠራ ይወጣል?

ዳኛ አሚት ሜህታ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ጉግል በፍለጋ ገበያ ያለውን ሞኖፖሊ በሕገወጥ መንገድ ጠብቋል ብለው ወሰኑ። በ2025 ግን ሌላውን የሚዘጉትን ውሎች ከልክለው ክፍያውን ራሱን ተዉት። በዚያው ዓመት ሌላ ዳኛ፣ ዛሬ ሜታ የሚባለውን የፌስቡክን ኩባንያ፣ ቲክቶክን የመሰለ ተፎካካሪ አለበት ብለው ከሞኖፖሊ ክስ ነፃ አውጥተውታል። ይሁን እንጂ ቲክቶክን ያመጣው ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ አይደለም፤ ባይትዳንስ የተባለ የቻይና ግዙፍ ኩባንያ ነው።

ስለዚህ ብልጫው ይዘልቃል ወይ ለሚለኝ፣ ይዘልቃል እላለሁ። የሚያዘልቀው ግን የዕቃው ጥራት ብቻ መስሎ አይታየኝም፤ የእኛ መተሳሰርና የተገዛው በር ነው። ነገሩ የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው። መውጣት የከበደው ደንበኛ ማስታወቂያ ቢያጨናንቀው፣ ጓዳው ቢበረበር፣ ወዴት ይሄዳል? አባቶች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ለደካሞች ኅብረት ነበር። በዚህኛው ድር ያበርነውም እኛ፣ የታሰርነውም እኛ ነን።