ሙሉ ቤትና ጎደሎ ቤት

በአማርኛ ግጥም ቤት መታ የሚባለው የስንኞቹ መጨረሻ ፊደል አንድ ሲሆን ነው። «ክብረ መንግሥት» ብሎ የከተማዋን ስም በስንኝ መጨረሻ ያኖረ ገጣሚ፥ በሚቀጥለው ስንኝ «እሳት» ወይም «እናት» ቢል፥ ሁሉም በ«ት» ያልቃሉና ሕጉን ፈጽሟል። በእንግሊዝኛ ግን ከመጨረሻው ድምፅ በፊት ያለው አናባቢ ካልተባበረ ቤቱ ጎደሎ ይባላል። ዊልፍሬድ ኦወን (በአውሮፓ አቆጣጠር 1893–1918) ስለ ጦርነት በጻፋቸው ግጥሞች እንዲህ ያለውን ጎደሎ ቤት ዐውቆ ይጠቀምበት ነበር። እንግዲህ በአንዱ ቋንቋ ጉድለት የሚባለው በሌላው ሙሉ ይሆናል።

የአማርኛ ጎደሎ ቤት ሌላ ነው። «ወርቅ» ከ«ሐቅ» ጋር ቤት ይመታል፤ ከ«ልክ» ጋር ግን አይመታም። ሆኖም «ቅ» እና «ክ» ሁለቱም ከትናጋ የሚወጡ ስለ ሆኑ ጆሮ ዝምድናቸውን አይስተውም። እንደዚሁም «አበባ» እና «ጨለማ» በራብዕ ያልቃሉ፤ «ባ» እና «ማ» ሁለቱም የከንፈር ድምፆች ናቸው።

ስለዚህ ቤት ስላልመታ ብቻ ግጥምን መንቀፍ፥ ቤት ስለ መታም ብቻ ማመስገን ፍርድ ማጉደል ነው። ብዙ ገጣሚ ቤት ለመምታት ሲል እውነተኛውን ቃል ትቶ ባዶውን ያስገባል። በክብረ መንግሥት አገር ወርቅ ከአሸዋ የሚለየው በውኃ ታጥቦ ነው፤ አሸዋውን አስቀርቶ ወርቁን የሚያፈስስ አጣቢ ግን አይመሰገንም። ነገር ግን ጎደሎ ቤት የሰነፍ መሸሸጊያ እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ የሚያምረው ሙሉውን መምታት የሚችል ሰው ስለ ምስጢሩ ብሎ ሲያጎድለው ነው።