ለባትላሜራ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

የጥንት መኪና የፊት መብራት ቀለበት ከፓራፋንጎው ጋር ተበይዶ፣ መጋጠሚያው በቀለጠ እርሳስ ተሞልቶና በሞረድ ተስተካክሎ፣ መስታወቱም እንደ ዓይን ወደ ውስጥ ጠልቆ ሲቀመጥ፣ ተመልካቹን በእውነት ወደ አንክሮ ያደርሰዋል። በካሊፎርኒያ መኪና አስዋቢዎቹ የባሪስ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. የ1951 ሞዴል በሆነ ሜርኩሪ መኪና ላይ ያሳዩት ይህ ኪነ ጥበብ ስመ ጥር ነው።

እኔ ግን ልባዊ ውዳሴዬን የማቀርበው፣ ከነቀምቴ ወደ ቢላ በጭቃ መንገድ የሚጓዘውን መኪና ለሚጠግነው፣ መዳፉን በቆርቆሮው ላይ እያሳለፈ ዓይን የሳተውን ጉብታ አግኝቶ በትዕግሥት በመዶሻ ለሚያስተካክለው የባትላሜራ ባለሙያ ነው፤ የወለጋ ክረምት ረጅም ነውና፣ መብራት ወደ ውስጥ ቢያስገባ እንኳ ውኃው እንዳይቆምና ዝገት እንዳይበላው ከሥር መውረጃ ቀዳዳ መተው የሚያውቀው እርሱ ነው። ያለ እርሱ አሮጌው ቮልስዋገን ሁሉ ቁርጥራጭ ብረት በሆነ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ ይህን ሙያ ልማር ቢልህ አትከልክለው።