የሽልማት ቍጥርና የድራማ ዋጋ

በአሜሪካ አገር የኤሚ ሽልማት የሚሰጥበት ወራት በተቃረበ ቍጥር፣ ጋዜጠኞችና ተመልካቾች «ይህ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ስንት ሽልማት ያገኝ ይሆን?» እያሉ መገመትን እንደ ዋና የሒስ ሥራ ይዘውት ይታያሉ። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛም ስለ ደረሰ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ሲነሣ እንሰማለን። እኛም ከገማቾቹ መካከል ነበርንና የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመሠረቱ ግምቱ ከንቱ ነው ማለት አይገባም። ድምፅ የሚሰጡት የቴሌቪዥን አካዳሚ አባላት የሙያው ሰዎች ናቸው፤ እጩ በሚመረጥበት ጊዜም ተዋናዩ ተዋናይን፣ አዘጋጁ አዘጋጅን ይመርጣል። ስለዚህ ብዙ ወጪ የፈሰሰበትና አልባሳቱ ያማረ ድራማ የሚወዳደርበት ዘርፍ ብዙ ነው። ከጄምስ ክላቬል ልብ ወለድ የተወሰደው «ሾጉን» በ2024 በ25 ዘርፎች ታጭቶ በ18ቱ አሸነፈ። ከእነዚህም 14ቱ ከዋናው በዓል አስቀድሞ፣ አልባሳት፣ ድምፅና የፊልም ቅንብር በሚገኙባቸው ዘርፎች የተሰጡ ነበሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው ግምቱ ወደ እውነት ሊቀርብለት ይችላል።

ነገር ግን ቍጥሩን በትክክል መገመት አንድ ነገር ነው፤ ድራማውን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ለአብነት ያህል «ዘ ዋየር»ን እንመልከት። ከ2002 እስከ 2008 በአምስት ምዕራፍ የታየው ይህ ድራማ፣ የባልቲሞርን ከተማ ፖሊስ፣ ወደብ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጋዜጣ በየተራ ያሳያል። የፖሊስ አለቆች የወንጀሉን ቍጥር ዝቅ ለማድረግ ከባዱን ወንጀል በቀላል ስም ያስመዘግባሉ፤ በትምህርት ቤቱም ልጁን ከማስተማር ይልቅ ለፈተና ማስጠናት ይቀድማል። ቍጥሩ ያምራል፤ ከተማይቱ ግን እንደ ነበረች ናት። በመንግሥት ሥራ የኖርን ሰዎች ይህን ስናይ ከወንበራችን ቀና ማለታችን አልቀረም፤ የወጪ ደብዳቤ ብዛት የተፈጸመ ጉዳይ ብዛት አለመሆኑን እናውቃለንና። እንግዲህ ቍጥር እንዴት እንደሚያታልል ያስተማረው ይህ ድራማ፣ ሁለት ጊዜ በድርሰት ዘርፍ ታጭቶ አንድም ኤሚ ሳያገኝ ቀረ። መለኪያው የሽልማት ብዛት ቢሆን ዋጋው ባዶ በሆነ ነበር።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በ2019 የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ፍጻሜ ብዙ ተመልካቾችን አሳዝኖ ሳለ፣ በዚያው ዓመት 12 ሽልማቶችን፣ ከእነዚህም ጋር የምርጥ ድራማን ማዕርግ ወሰደ።

የራሳችንንም ስሕተት እንናገር። በጃንዋሪ 2024 «ቤተር ኮል ሶል» ለመጨረሻ ጊዜ ሲወዳደር፣ «እንግዲህስ ባዶ እጁን አይመለስም» ብለን ከባልደረቦቻችን ጋር በቡና ተወራርደን ነበር። ድራማው በዘመኑ ሁሉ 53 ጊዜ ታጭቶ አንድም ሳያገኝ ቀረ፤ ቡናውንም ከፈልን። ጥፋታችን ግን በግምቱ መሳሳታችን አልነበረም። በዚያ ገበታ ዙሪያ ስለ ሽንፈቱ ብዙ ስናወራ፣ ያ ጠበቃ በመጨረሻ በፍርድ ቤት ቆሞ እውነቱን በመናገሩ ስለ ተቀበለው ረዥም እስራት አንድም ሰው አላነሣም። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው፣ የሌለውን ሽልማት ስንቈጥር በእጃችን ያለውን ወተት ሳንቀምሰው ቀረን።

ስለዚህ አንባቢያን ሆይ፣ መገመት ጨዋታ ነውና የሚወድ ይጫወተው። ሒስ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ሰው ግን፣ ዳኞቹ ምን ያህል ይሰጡታል ከማለቱ አስቀድሞ ድራማው ለእርሱ ምን እንደ ሰጠው ይጠይቅ። ይህንን መልስ ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው ሊቈጥርለት አይችልም።