«ጉሮሮውን ጠረገና...»

ይህች ሐረግ በተማሪ ድርሰቶች በዝታለች። ሽማግሌ ብቅ ካለ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይናገርም! እኛም ስንጽፋት ኖረናል፤ ስለዚህ ሂሳችን ግለ ሂስም ነው።

ሐረጓ ግን ባዶ አይደለችም። ጉሮሮ የእህልም የቃልም መንገድ ነው። «ጉሮሮዬን ዘጋብኝ» ያለ ሰው እንጀራዬን ነጠቀኝ ማለቱ ነው። «ጉሮሮውን ጠረገ» ሲባል ደግሞ «ልናገር ነውና ጆሮ ስጡኝ» አለ ማለት ነው። ደጅ ቆሞ «እህህ» ካለ «መጥቻለሁ»፤ በጨዋታ መሐል ከሆነ «ተው፣ ሰው ይሰማል» ይሆናል። ታዲያ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መጻፍ ምን ይሉታል?

ጆሮ የሚለመነውም በጉሮሮ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው ተገድለውባቸው ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች፣ እዚሁ አርባ ምንጭ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። ጆሮ የለመኑት በጉልበታቸው ነው። ያን ቀን የሚተርክ ደራሲ «ጉሮሯቸውን ጠረጉና» ብሎ ቢጀምር ዋናውን ነገር ሳያየው አለፈ።

እንግዲህ ሐረጓን ከመጻፋችን በፊት ሰውየው የማንን ጆሮ፣ ለምን እንደሚለምን እንወቅ። ካላወቅን እንሰርዛት።