የሱሪ ሽመል ከሜዳ ወደ መድረክ

ከሚዛን ተፈሪ የቡና ጥላ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ የማጂን ተራሮች አልፎ ወደ ኪቢሽ ለሚወርድ መንገደኛ አገሩ የከብት አርቢዎቹ የሱሪዎች ነው። ዶንጋ የሚባለው ዱላቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነውና በአማርኛ ሽመል ቢባል ይቀርበዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየአውራጃውና በየቀበሌው በተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች የብሔረሰቦችን ጨዋታ ወደ መድረክ ማውጣት ልማድ ሆነ፤ ሽመሉም ውሎ አድሮ የከተማ ትርኢት ውስጥ ገባ። ሕጉ ግን አብሮት አልመጣም።

ግጥሚያው በሜዳው ላይ ጠብ አይደለም። የተለያየ ሰፈር ጐልማሶች ይገጥማሉ፤ ዳኞች በመካከል ይቆማሉ፤ የወደቀ አይመታም፤ የገደለ ወገኑ ካሣ ይከፍላል። ጐልማሳው ጉልበቱን የሚያሳየውን ያህል ቁጣውን መግዛቱንም ያስመሰክራል።

የፍልሚያ ጥበብ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲሻገር መልኩን መለወጡ አያስነቅፍም። የኦሞን ወንዝ ተሻግረው የሚገኙት ሙርሲዎች ይህንኑ ጨዋታ የሚጫወቱት እጃቸውን በተጐነጐነ መከላከያ፣ ቅልጥማቸውን በቆዳ ሸፍነው ነው፤ ከሱሪዎች ግን ብዙዎቹ ሰውነታቸውን ቀብተው እርቃናቸውን ይወጣሉ። ዳኛው በሁለቱም ዘንድ አለ። ፉናኮሺ ጊቺን የኦኪናዋን ካራቴ በ1922 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ካሳየ ወዲህም ልብሱና ቀበቶው ከጁዶ ተወሰደ፤ «የቻይና እጅ» ተብሎ ይጻፍ የነበረው ስሙ «ባዶ እጅ» ሆነ። ለውጡ ቀላል አልነበረም፤ ይሁንና የቀድሞው ልማድ በላላበት ቦታ የማዕረግና የውድድር ደንብ ተተካ። አዲስ አበባ ውስጥ ቴኳንዶ የሚማር ወጣት እንኳ ከመግጠሙ በፊት ጐንበስ ብሎ እጅ ይነሣል።

በከተማው መድረክ ላይ ሽመሉ በከበሮ ምት ይወዛወዛል፤ ሁለቱም ወገን እኩል ይዘላል፤ የሚረታም የሚዳኝም የለም። ከያኒው ደም ያፍስስ የሚል አይኖርም፤ ውዝዋዜውም ማማሩ አይካድም። ነገር ግን ዳኛ ከሌለ ተመልካቹ የሚያየው በዱላ የሚፎክር ዱር አደር ብቻ ነው። ጉዳቱም ከቲያትር ቤት ያልፋል፤ የሱዳን ጦርነት ያዘመተው ጠመንጃ የሽማግሌዎቹን ቃል ባላላበት አገር፣ አስተዳደሩም ግጥሚያውን ለመከልከል በተነሣበት ጊዜ፣ ጨዋታው ራሱ ሕግ መሆኑን የሚመሰክርለት አላገኘም። ለጐብኚ ካሜራ ተብሎ የሚሰናዳው ግጥሚያማ ከመድረኩ የባሰ ነው፤ ቀኑን የሚቈርጠው መኸሩ መሆኑ ቀርቶ ከፋዩ ሆኗል።

አንድ ተጨማሪ ከያኒ የቡድኑን ወጪ አያናጋም። ሽመሉን ይዞ በመካከል ይቁም፤ አንዱ ሲወድቅም የሌላውን ዱላ ይግታ።