ሁለቱ «መስከረም ሲጠባ»

አመሻሹ ላይ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዤ ስቀመጥ የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን ለወሬ ማጀቢያ ሆኖ ነው። «የኢትዮ ጃዝ አባት» የሚለው ማዕረግም ተመሳሳይ ጉዳት አድርሷል፤ ማዕረጉ ከተሰጠ ወዲህ የአባትየው ሥራ ሁሉ በእኩል ይመሰገናል፣ የሚመዝነው ግን ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ሙላቱ «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» ካለው ቡድኑ ጋር ኒውዮርክ ላይ የቀረጻቸው ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞች ዛሬ እንደ ኢትዮ ጃዝ ልደት ሰነድ ይቆጠራሉ። እኔ ልደቱን ስድስት ዓመት አዘገየዋለሁ። የ1966ቱ ሸክላዎች ደህና የዳንስ ሙዚቃ ናቸው። «ፕሌይቦይ ቻቻ» የሚል ርዕስ ያለበት አልበም ምን እንደሚፈልግ አይደብቅም። «አይፈራም ጋሜ» የተባለው የጀግና ዘፈን እንኳ በስፓኒሽ ተዘፍኗል። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ ቅኝቱ ግን ላቲኑ ቤት እንግዳ ሆኖ ገብቶ እንግዳ ሆኖ ይወጣል።

ምክንያቱ ፒያኖው ነው። የአምባሰልን ቅኝት ከ«ዶ» ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል። «ሚ» የለም። የፈረንጅ ኮርድ ደስታና ሐዘኑን የሚለየው ደግሞ በዚያች በጎደለችው ድምፅ ነው። ስለዚህ አቀናባሪው ሁለት መንገድ አለው፦ ከውጭ ተበድሮ ክፍተቱን ይሞላል፤ ወይም ክፍተቱን ያከብራል። የላቲን ዳንስ ፒያኖ ሥራው መሙላት ነው፤ እጁ ባዶ ቦታ አይወድም። እሱ ሲሞላ ቅኝቱ ይሰጥማል።

ለዚህ ማስረጃ ሙላቱ ራሱ ትቶልናል። «መስከረም ሲጠባ» በ1966ቱ ሥራ ውስጥ አለ፤ በ1972ቱ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ውስጥም ተደግሟል። በሁለተኛው ቀረጻ ችኮላው ረግቧል። ባሱ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፣ ነፋሾቹም በዚያ ላይ ዜማውን ሳይጨናነቁ ያሳርፉታል። ኮርዱ ስለቀነሰ ቅኝቱ ይሰማል። ሙላቱ በቫይብራፎኑ ይወደሳል፤ እኔ የማደንቀው ግን የተወውን ነው።

በዚሁ በ1972ቱ አልበም «ኩሉን ማን ኳለሽ» ላይ ስደርስ ሚዛኔን አስቀምጣለሁ። ሁላችንም በጭብጨባና በእልልታ የምናውቀው የሰርግ ዘፈን እዚህ ቃል የለውም፤ ሙሽራዋም ሚዜዎቹም የሉም። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን የቀረ ሰው የሚያንጎራጉረው ይመስላል። ስለዚህ ቀረጻ ክፉ መናገር አልችልም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ከደቡብ ሆኜ ስሰማ ደግሞ ይብሳል። ሙላቱ የደራሼ ሙዚቀኞችን በየቃለ መጠይቁ ያወድሳል፤ ሳይንቲስቶች ይላቸዋል። ልክ ነው። በደራሼ ፊላ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ የምትሰጥ የቀርከሃ ዋሽንት ይዞ በተራው ይገባል፤ ዜማው ሙሉ የሚሆነው በብዙ አፍ ተገጣጥሞ ነው፤ ማንም ብቻውን አይጫወተውም። ይህ ያለ ወረቀት የሚሠራ ኦርኬስትራ ነው። ከእነዚያ ቀደምት ሸክላዎች ግን የምሰማው የደጋውን ቅኝት፣ የኒውዮርክንና የካሪቢያንን ምት ነው፤ ፊላን አልሰማሁም። አድናቆቱ በእነዚያ ሸክላዎች ለነፋሾቹ በተጻፈው ኖታ ላይ አልደረሰም።

ፊላን ወደ ኖታ ማምጣትን ለአባትየው ብቻ መተው አይገባም። ሐዋሳ ላይ ሳክስፎንና ትራምፔት የምትይዙ ልጆች «የከርሞ ሰው»ን አሳምራችሁ ትጫወታላችሁ። መጀመሪያ ሁለቱን «መስከረም ሲጠባ» አከታትላችሁ ስሙ፤ ጆሯችሁን ከቫይብራፎኑ አንሥታችሁ ባሱ ላይ ጣሉ። ቀጥሎ ለአራት ነፋሽ ጻፉ፣ ለእያንዳንዱም አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ስጡት።