ዳስ ሲፈርስ ምን ይቀራል? ኡም ራኩባና የዲያስፖራ ቤተ መዘክር ጥያቄ

«ራኩባ» በሱዳን አረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው፤ «ኡም» ደግሞ እናት። በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1970ዎቹ ከድርቅና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ጣቢያ ነበር። ከነዚህም መካከል ከጎንደር፣ ከወልቃይትና ከትግራይ በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8,000 የሚጠጉት በካርቱምና በብራስልስ በኩል በምስጢር ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ወደ 4,000 የሚገመቱት ግን በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ሞተው ቀሩ። በባዕድ አገር ያለ ማኅበረሰብ ይህን ታሪክ በቤተ መዘክር ላኑር ቢል መደርደሪያው ላይ ምን ያስቀምጣል? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ መልሱ የምስክሮች ቃልና የሟቾች ስም ነው፣ ዕቃም ቃሉን ተከትሎ ይገባል የሚል ነው።

የሶማሌ ዲያስፖራ ልምድ ለንጽጽር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሚኒያፖሊስ የተቋቋመው የሚኒሶታ የሶማሌ ሙዚየም የአርብቶ አደሩን ሕይወት የሚያሳዩ ቁሳቁሶችን ሰብስቦ፣ የሽመና ጥበብን እያስተማረ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገውን ልጅ ከአያቶቹ ኑሮ ጋር ያስተዋውቃል። ለዚያ ማኅበረሰብ ዕቃ ብዙ ይናገራል፤ የአርብቶ አደሩ ቤት ራሱ ፈርሶ፣ በግመል ተጭኖ፣ ሌላ ቦታ የሚተከል ነውና። ወደ ኡም ራኩባ የተጓዙት ግን ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን እየተደበቁ፣ ማንነታቸውን ሸሽገው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ማንነትን የሚያጋልጥ ዕቃ ለነሱ አደጋ ነበር። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ለጎብኚ ሲሸጡ የኖሩት የሸክላ ምስሎችም ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ጥበብና ስለ ገበያው ይመሰክራሉ እንጂ ስለ መንገዱ የሚሉት የለም። ውኃው የት እንዳለቀ፣ መንገድ መሪው የት ጥሏቸው እንደሄደ፣ ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቀው የተጓዡ አንደበት ብቻ ነው። ድምፅ ራሱን ችሎ ቅርስ መሆኑንም ሶማሌዎቹ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የሐርጌሳ ከተማ በቦምብ ስትደበደብ የከተማዋን ሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ቅጂዎች መሬት ቀብረው አትርፈዋቸዋል።

በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ፣ በሱዳን መንገድ ላይ ለሞቱት ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ2007 መታሰቢያ ተመርቋል፤ በየዓመቱም ብሔራዊ ሥነ ሥርዓት ይከናወንበታል። ይህ ለዘመናት ላልተነገረ ኀዘን የተሰጠ ተገቢ ክብር ነው። ይሁንና የመንግሥት መታሰቢያ ታሪኩን ከመድረሻው ወደ ኋላ ያነባል፤ ሞቱ ለኢየሩሳሌም የተከፈለ ዋጋ ሆኖ ይተረካል። በዚያው ጣቢያ ግን ክርስቲያንና ሙስሊም ስደተኞችም ነበሩ፤ ኩፍኝና ተቅማጥ ሃይማኖት ሳይለዩ ሕፃናትን ጨርሰዋል። ቦታው ራሱም በ1977 አላበቃም። ከዓመታት በፊት ተዘግቶ የነበረው ጣቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ፤ በዚያ ጦርነት ከ60,000 በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረዋል። በአንድ መሬት ላይ ሁለት የስደት ትውልድ አለ ማለት ነው። የማኅበረሰብ ቤተ መዘክር ከመታሰቢያ ሐውልት የሚለየውም በመድረሻው የተመረጠውን ትረካ ብቻ ሳይሆን በቦታው የኖረውን ሕይወት ሁሉ ለመያዝ በመቻሉ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ከ40 ዓመት በኋላ የሚሰጥ ቃል በመደጋገም ተለስልሷል፣ አይታመንም የሚል ነው። ሥጋቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ቃሉን መተው ሳይሆን በሥርዓት መያዝ ነው። ምስክርነቱ በተነገረበት በአማርኛው ወይም በትግርኛው ተቀድቶ፣ ጠያቂው፣ ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ፣ አንዱ ከሌላው ጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ይሆናል። ሁለተኛው ተቃውሞ ቅርስ በቦታው ይኑር፣ ወደ ውጭ መውሰዱ ሌላ ነጠቃ ነው ይላል። ለዕቃ ይህ ክርክር ከባድ ነው። ሆኖም ሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ናት፤ በካርቱም ያለው ብሔራዊ ሙዚየሟ እንኳ ተዘርፏል። ድምፅ ደግሞ ቢካፈሉት አይጎድልም። አንዱ ቅጂ በኢየሩሳሌም፣ ሌላው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊቀመጥ ይችላል፤ ሰላም ሲወርድም ለገዳሪፍ የሚገባው ድርሻ ይመለስለታል። ሦስተኛው ተቃውሞ የሁለቱን ዘመን ስደተኞች በአንድ ጣራ ሥር ማኖር ያልደረቀ ቁስል ይነካካል የሚል ነው። ጎን ለጎን ማኖር ግን መቀላቀል አይደለም። እያንዳንዱ ሐዘን በራሱ ስምና በራሱ ቋንቋ ይቀመጥ፤ የሚያገናኘው ቦታው ብቻ ይሁን። በቦታው ስም መስማማት ያቃተው ወገን በሌላው ሙት ላይ መስማማት አይችልምና ከቦታው ስም መጀመር የተሻለ ነው።

እንዲህ ያለ ቤተ መዘክር ትልቅ ሕንፃ አይፈልግም። የሚፈልገው ቋንቋውን የሚሰማ ጠያቂ፣ መቅረጫ፣ ንጹሕ መዝገብና የተናጋሪው ፈቃድ ነው። ሥራው በማኅበረሰቡ እጅ መሆኑ የሚበጀውም ለዚህ ነው፤ እናት የሞተባትን ልጅ ስም ለማያውቁት ሰው ፈጥና አትናገርም፣ ቋንቋዋን ለሚሰማ የጎረቤት ልጅ ግን ትነግር ይሆናል። በእስራኤል፣ በአሜሪካም ሆነ በአገር ውስጥ ያላችሁ የቤተ እስራኤልና የትግራይ ተወላጆች፣ በጎንደርና በመቐለ ያላችሁ የታሪክ መምህራን፣ ቅድሚያውን ለመደርደሪያው ሳይሆን ለመዝገቡ ስጡ። በ1977 ዓ.ም. በኡም ራኩባ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ60 አልፏል።